ውሻ ይዘው የሚገቡባቸው አራት የእንግሊዝ ገጠር ፐቦች፣ ከእግር መንገዳቸው ጋር

እንግሊዞች ፐብ የሚሉት ቤት ሙሉ ስሙ «የሕዝብ ቤት» ማለት ነው። መሸታ ቤት ብለን ብንተረጉመው ነገሩን እናበላሸዋለን፤ መሸታ ቤት ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጣው የሌሊት ስካርና ጠብ ነውና። የገጠሩ ፐብ ግን ሽማግሌዎች በቀትር ጋዜጣ የሚያነቡበት፣ ቤተሰብ ተሰብስቦ የእሑድ ምሳ የሚበላበት፣ መንገደኛ ከዝናብ የሚጠለልበት፣ ውሻም ከጌታው እግር ሥር ተጋድሞ የሚያንቀላፋበት ቤት ነው። በዚህ ጽሑፍ ፐብ የሚለውን ቃል እንዳለ የወሰድሁት በዚህ ምክንያት ነው። ዓመታቱም ወራቱም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከውሻ መጠለያ ያመጣኋት፣ ስሟን ከቀለሟ ተነሥቼ ዳማ ያልኋት ውሻ አለችኝ። እሷን ከማምጣቴ በፊት በእንግሊዝ አገር ብዙ ዓመት ስኖር ከከተማ የወጣሁባቸው ቀኖች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የብዙዎቻችን ኑሮ እንደዚሁ ይመስለኛል፤ ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ መስጊድ፣ ከዚያም ወደ ለቅሶና ወደ ሠርግ ስንመላለስ ዓመቱ ያልቃል። ውሻ ግን በየቀኑ መራመድ አለባት፤ እሷን ላንሸራሽር ብዬ የጀመርሁት መንገድ ቀስ በቀስ ወደ ኮረብታውና ወደ ባሕሩ ዳር አደረሰኝ፣ መንገዱም በየመጨረሻው ከአንድ ፐብ ደጃፍ ላይ ጣለኝ።

በሕግ በኩል ነገሩ ከሚታሰበው ቀላል ነው። ውሻ ምግብ ወደሚዘጋጅበት ክፍል መግባት የለበትም እንጂ፣ ደንበኞች ወደሚቀመጡበት ክፍል እንዲገባ መፍቀድና አለመፍቀድ የባለቤቱ ፈንታ ነው። ስለዚህ «ውሻ ይገባል» የሚለው ጽሑፍ በየቤቱ የተለያየ ትርጉም አለው። አንድ ጊዜ፣ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ቤት በር ላይ ይህን ጽሑፍ አንብቤ፣ ከሦስት ሰዓት የዝናብ ጉዞ በኋላ ዳማን ይዤ ስገባ፣ ምንጣፉን አሳይተውኝ በጓሮ ካለው ክፍት ዳስ ሥር እንድንቀመጥ ነገሩኝ። ውሻ መፍቀድ ማለት የደረቀና የታጠበ ውሻ መፍቀድ ከሆነ፣ ለሚራመድ ሰው ምንም አይጠቅመውም። ከዚያ ቀን ወዲህ ፐብን የምመዝነው ከነጭቃችን ስንደርስ በሚያሳየን ፊት ነው፤ ወለሉ ድንጋይ ነው ወይ፣ ቦት ጫማ ሳላወልቅ እገባለሁ ወይ፣ ውሃ የሚሰጣት ስጠይቅ ነው ወይስ ሳልጠይቅ፣ እሳቱ አጠገብስ ቦታ አለ ወይ? መንገዱንም ከቤቱ ለይቼ አልመዝነውም፤ መልካም ፐብ ያለ መልካም መንገድ ለእኔ ግማሽ ነገር ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው በደቡብ እንግሊዝ፣ በዶርሴት አውራጃ፣ ዎርዝ ማትራቨርስ በምትባል ትንሽ የድንጋይ መንደር የሚገኘውን ስኩዌር ኤንድ ኮምፓስ ነው። ስሙ የድንጋይ ጠራቢ መሣሪያዎች ስም ነው፤ አንዱ የማዕዘን ማስተካከያው፣ ሌላው ክብ መሥሪያው። አካባቢው ፐርቤክ ይባላል፤ የፐርቤክ ድንጋይ ለዘመናት ከዚሁ ከባሕር ዳር ገደል እየተፈለጠ በጀልባ ይወሰድ ነበር፣ በሶልዝበሪ ካቴድራል ውስጥ ያሉት ጥቁር ግራጫ ቀጫጭን ዓምዶችም ከዚህ አገር የወጡ ናቸው። ፐቡ ራሱ ከግድግዳው እስከ ጣሪያው የዚያ ድንጋይ ሥራ ነው፤ ከ1907 ጀምሮም በአንድ ቤተሰብ እጅ ቆይቷል።

ወደ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ግር የሚያሰኘው ነገር፣ ረጅም ባንኮኒ ፈልጎ ማጣት ነው። ከጠባቡ መተላለፊያ ላይ መስኮት የመሰለ ቀዳዳ አለ፤ ሰው በእሱ በኩል ያዝዛል፣ በእሱ በኩል ይቀበላል፣ ከዚያም ግራና ቀኝ ካሉት ዝቅተኛ ክፍሎች ወደ አንዱ ይገባል ወይም ወደ ውጭ ይወጣል። ተራ መጠበቁ በበጋ ቅዳሜ ይረዝማል፤ ነገር ግን ተሰልፎ ከሚጠብቀው ሰው ግማሹ በእጁ የውሻ ማሰሪያ ስለያዘ፣ ወሬው ሳይፈለግ ይጀመራል። የምግቡ ዝርዝር አጭር ነው፤ የሚሸጡት ፔስቲ ነው። ፔስቲ ማለት ሥጋ ወይም አትክልት በሊጥ ተጠቅልሎ የሚጋገር፣ የሳምቡሳ ታላቅ ወንድም ልንለው የምንችል ምግብ ነው። የዶሮ ወጥ ያህል የሚያጠግብ ምሳ የሚፈልግ ሰው ቅር ሊለው ይችላል፤ እኔ ግን ከመንገድ ገብቼ ትኩስ ፔስቲ በእጄ ይዤ ከድንጋይ ወንበር ላይ መቀመጡን ከብዙ የተንዛዛ የምግብ ዝርዝር እመርጠዋለሁ። የሚጾም ሰው አትክልቱ ቅቤ ወይም አይብ እንዳለበት አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ሊጡም ብዙ ጊዜ በቅቤ ይለወሳል።

ቢራው በቀጥታ ከበርሜል የሚቀዳ ነው፤ ቤቱ ይበልጥ የሚታወቀው ግን በራሱ በሚሠራው ሳይደር ነው፣ ይኸውም ከፖም ጭማቂ የሚጠመቅ መጠጥ ነው። በእጅ የተጠመቀ ነገር ሁሉ እንደ ጠላችን የየቤቱ ጣዕም አለው፤ ይኸኛው ጣፋጭ አይደለም፣ ኃይሉም ቀስ ብሎ የሚመጣ ስለሆነ መኪና የሚነዳ ሰው አይንካው። ከክፍሎቹ በአንዱ ደግሞ ቤተሰቡ ለብዙ ዓመታት ያሰባሰባቸው ቅሪተ አካላት የተደረደሩበት ትንሽ ሙዚየም አለ። የባሕር ዳሩ 95 ማይል ርዝመት ያለው የጁራሲክ ዳርቻ አካል ሲሆን በ2001 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ሰው የሚራመድበት ድንጋይ ምን እንዳቀፈ በመስተዋቱ ውስጥ ካየ በኋላ መንገዱን በሌላ ዓይን ያየዋል።

ውጭው ከውስጡ አይተናነስም። ጠረጴዛዎቹ ሳይጠረቡ የቀሩ የድንጋይ ጠፍጣፎች ናቸው፣ ከፊታቸው ሜዳው ወደ ባሕር ቁልቁል ይወርዳል፣ ዶሮዎችም በሰው እግር መካከል ይመላለሳሉ። ዶሮ ማሳደድ የለመደ ውሻ ያለው ሰው ማሰሪያውን አጥብቆ ይያዝ፤ ዳማ በመጀመሪያው ቀን እንደ ሐውልት ደርቃ አንዲት ዶሮ ላይ ዓይኗን ተክላ ስትቀር፣ አጠገቤ የነበሩ አዛውንት ከወንበራቸው ተነሥተው በእሷና በዶሮዋ መካከል ቆሙልን። ከዚያ የተጀመረው ጨዋታ አንድ ሰዓት ቆየ፤ ከየት እንደመጣሁ የጠየቁኝ ስለ ውሻዬ ዕድሜ፣ ስለ ጤንነቷና ስለ ምግቧ ሁሉ ጠይቀው ከጨረሱ በኋላ ነው። በገጠር ፐብ ብቸኛው ጥቁር ሰው ሆኖ መግባት የሚያስፈራቸው ወገኖች እንዳሉ አውቃለሁ፣ እኔም ፈርቼ ነበር፤ ውሻ ይዞ የገባን ሰው ግን ከሁሉ በፊት የውሻ ጌታ አድርገው እንደሚያዩት ደጋግሜ አይቻለሁ።

መንገዱ ከፐቡ ደጃፍ ይጀምራል። በመንደሩ መካከል አልፎ ወደ ዊንስፒት የሚወርደው ሸለቆ ግራና ቀኙ በጥንት እርከን የተሸነሸነ ነው፤ በመካከለኛው ዘመን የነበሩ ገበሬዎች ተዳፋቱን ለማረስ የሠሩት ሲሆን፣ የኮንሶን እርከን ያየ ሰው አሠራሩን ወዲያው ይለየዋል። ከሃያ አምስት ወይም ከሠላሳ ደቂቃ በኋላ ሸለቆው ከባሕሩ ጋር ሲገናኝ የዊንስፒት የድንጋይ ማውጫ ይገኛል፤ ገደሉ ውስጥ ጠልቀው የተቆፈሩት ዋሻዎች ጣሪያቸው ስለሚፈርስ ከደጅ ሆኖ ማየት ይበቃል፣ ውሻም ወደ ውስጥ መላክ አይገባም። ከዚያ ወደ ምዕራብ ገደሉን ተከትሎ የሚሄደው 630 ማይል የሚረዝመው የደቡብ ምዕራብ ባሕር ዳር መንገድ ነው፤ እሱን ይዞ ሲወጣ የቅዱስ አልድኸልም ራስ ይደረሳል። በዚያ ከባሕሩ በላይ መቶ ሜትር ያህል ከፍ ባለ ሜዳ ላይ፣ ዙሪያውን ምንም ሳይኖር፣ አንዲት አራት ማዕዘን የድንጋይ ቤተ ጸሎት ቆማለች። በ12ኛው መቶ ዓመት የተሠራች ናት፤ ጣሪያዋን የሚሸከመው በመካከል ያለው አንድ ወፍራም ዓምድ ነው፣ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ የሚመለከቱትም ግድግዳዎቿ ሳይሆኑ ማዕዘኖቿ ናቸው። ቤተ መቅደስን ወደ ምሥራቅ ማቅናት ለለመደ ለእኛ ሰው ይህ አሠራር ቆም ብሎ የሚታይ ነው። ዳማን ከደጅ አስሬ ገብቼ ተሳልሜ ወጣሁ።

ከዚያ በገበሬዎች መንገድ ወደ መንደሩ መመለስ ይቻላል፤ ዙሩ በጠቅላላው 7 ወይም 8 ኪሎ ሜትር ሲሆን ፋታ እየወሰዱ ሦስት ሰዓት ይበቃዋል። ከመንደሩ ሳይወጡ በቅዱስ ኒኮላስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ የቤንጃሚን ጄስቲን መቃብር ማየት ይገባል። ይህ ገበሬ በ1774 ፈንጣጣ አገሩን ሲያጠቃ፣ ከላም ፈንጣጣ ቁስል የወሰደውን ፈሳሽ በመርፌ ጭሮ ለሚስቱና ለሁለት ወንዶች ልጆቹ የሰጠ ሰው ነው፤ የፈንጣጣ ክትባት አባት የሚባለው ኤድዋርድ ጄነር ይህንኑ ነገር ከመሞከሩ 22 ዓመት አስቀድሞ መሆኑ ነው። ያደገባት መንደር ግን ይህች አይደለችም፣ ኋላ መጥቶ ያረሰባትና በ1816 ያረፈባት ናት። ፈንጣጣ ፊታቸው ላይ ጠባሳ የተወባቸው አያቶች የነበሩን ሰዎች በዚያ ድንጋይ ፊት ጥቂት ብንቆም አይበዛም።

ወደ ዎርዝ ለመድረስ ከለንደን ዋተርሉ በባቡር ዌርሃም ድረስ ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል፣ ከዚያ ወዲያ መኪና ያስፈልጋል ማለት ይሻላል፤ አውቶቡስ ወደ ስዋኔጅ ከተማ አለ፣ ወደ መንደሩ የሚገባው ግን ጥቂት ነው። በእንግሊዝ ባቡሮች አንድ መንገደኛ እስከ ሁለት ውሻ ያለ ክፍያ ይዞ መሳፈር እንደሚችል የማያውቁ ብዙዎች ስላሉ እዚህ ላይ ልጨምረው።

ሁለተኛው ቤት ከመጀመሪያው በባሕርዩ ፈጽሞ ይለያል። ዋረን ሃውስ ኢን የሚባለው ፐብ በዴቨን አውራጃ፣ በዳርትሙር ረባዳና ረግረጋማ ከፍታ ላይ፣ ከመንደር ርቆ ከመንገድ ዳር ብቻውን የቆመ ነው። ቁመቱ ከባሕር ጠለል በላይ 434 ሜትር ነው፤ ከእንጦጦ ሥር ላደገ ሰው ይህ ቁጥር ምንም ላይመስለው ይችላል፣ ነፋሱ ከአትላንቲክ ተነሥቶ ያለ ከልካይ ሲመጣበት ግን ጋቢ ያስመኛል። ቤቱ የራሱን የመብራት ኃይል በሞተር ያመነጫል። የአሁኑ ሕንፃ የተሠራው በ1845 ሲሆን፣ ቀድሞ የነበረው ቤት ከመንገዱ ማዶ ነበር፤ እንደሚነገረው ወደ አዲሱ ቤት ሲዛወሩ ከአሮጌው ምድጃ ፍም ይዘው ተሻገሩ፣ እሳቱም ከዚያ ቀን ጀምሮ አልጠፋም።

ይህን ታሪክ መጀመሪያ ስሰማ ያሰብሁት አያቴን ነው። ማታ ፍሙን በአመድ ዳፍና ጠዋት ገላልጣ እፍ ስትለው፣ ክብሪት ሳያስፈልጋት እሳቱ ይነሣ ነበር፤ የጎረቤት ሴቶችም እሳት ሊለምኑ በገል ይዘው ይመጡ ነበር። በዳርትሙር ጥንት የሚነደው ከረግረጉ ተቆርጦ እንደ ኩበት የሚደርቅ አፈር ነበር፤ እሱም እንደ ኩበት ቀስ ብሎ የሚነድና ለመዳፈን የሚመች ነው። እሳት አለመጥፋቱን እንደ ቁም ነገር የሚቆጥር ሰው በዚህ አገርም እንዳለ ማወቄ ደስ አሰኘኝ። ከመንገድ ስንገባ ዳማ ያለማንም መሪነት ምድጃው ፊት ሄዳ ተዘረረች፣ እርጥብ ጠጉሯም እየተነነ አጠገቧ ካሉ ሌሎች ሁለት ውሾች ጋር አንቀላፋች፤ ከሰዎቹ አንድም ፊቱን ያጨፈገገ አልነበረም።

ዋረን ማለት ጥንቸል የሚረባበት ቦታ ነው፤ በዚህ አካባቢ ለቆርቆሮ ማዕድን ሠራተኞች ቀለብ የሚሆን ጥንቸል ይረባ ስለነበር ቤቱ ስሙን ከዚያ አገኘ፣ የቤቱ የታወቀ ምግብም በሊጥ ተሸፍኖ የሚጋገር የጥንቸል ሥጋ ነው። የእኛ ኦርቶዶክሳውያንና ቤተ እስራኤላውያን ጥንቸል አይበሉምና ምግብ ሲያዝዙ ስሙን አጣርተው ይዘዙ፤ ሌላ ምግብም ስላለ የሚቸገር የለም።

በዙሪያው ያለው መንገድ በምልክት የተሞላ አይደለም፣ ይህም ውበቱም አደጋውም ነው። ከፐቡ በታች ባለው ሸለቆ የድሮዎቹ የቆርቆሮ ማዕድን ቦታዎች ፍርስራሽና ምድሩን የሰነጠቁ ጥልቅ ቦዮች አሉ። ወደ ምሥራቅ ቤኔትስ ክሮስ የሚባለውን ዘመም ያለ የድንጋይ መስቀል አልፎ የሚሄድ ሰው ግሪምስፓውንድ ይደርሳል፤ ይህ ከነሐስ ዘመን የቀረ፣ በክብ የድንጋይ ቅጥር የታጠረ፣ በውስጡ 24 ክብ ጎጆዎች የነበሩበት ሰፈር ነው። የጎጆዎቹ መሠረት እስከ ዛሬ ቆሟል፤ መግቢያቸው ከነፋስ የሚከልል ጠምዘዝ ያለ ግንብ እንዳለው ሳይ፣ ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት የኖረው ሰው የታገለው ከዚሁ ከእኔ ጃኬት ጋር ከሚታገለው ነፋስ ጋር እንደነበር ገባኝ። ጭጋግ በዳርትሙር በሩብ ሰዓት ውስጥ ሊወርድ ስለሚችል ካርታና ኮምፓስ መያዝ የግድ ነው፤ ስልክ ብዙ ቦታ አይሠራም። ከፊል ዱር የሆኑት ትናንሽ ፈረሶች ሲቀርቡ ምግብ መስጠት አይገባም። ከመጋቢት 1 እስከ ሐምሌ 31 ድረስ ደግሞ ውሻ በአጭር ማሰሪያ መያዝ አለበት፤ መሬት ላይ የሚቀፈቅፉ ወፎችና ግልገሎች የሚወለዱበት ወቅት ነውና። ወደ ቤቱ የሚወስድ ባቡር የለም፣ ከኤክስተር በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው።

መኪና ለሌለው ሰው የምመርጠው ሦስተኛውን ነው፤ እሱም ፒክ ዲስትሪክት በሚባለው ተራራማ አገር፣ በኤዴል መንደር ያለው ኦልድ ናግስ ሄድ ነው። ባቡር ከሸፊልድ ወይም ከማንችስተር አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ያደርሳል፣ ከጣቢያው እስከ ፐቡ ደግሞ በእግር አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው። ሕንፃው ከ1577 ጀምሮ የቆመ ሲሆን በአንድ ወቅት የመንደሩ አንጥረኛ ቤት ነበር ይባላል። እስከ ስኮትላንድ ድንበር ማዶ 268 ማይል የሚዘልቀው፣ በ1965 የተከፈተው የፔናይን የእግር መንገድ መነሻም ይኸው ደጃፍ ነው። ስለዚህ በጠዋት ትልቅ ሻንጣ ተሸክመው የሚነሡ ሰዎች፣ በማታ ደግሞ የአንድ ቀን ዙር ጨርሰው የሚገቡ ሰዎች ይገናኙበታል። ምግቡ ሞቅ ያለና ብዙ ነው፤ ከዚህ ያለፈ ልዩ ነገር አልቀመስሁበትም፣ ከመንገድ ለገባ ሰው ግን ይበቃል። በሰሜን እንግሊዝ አንዳንድ ቦታ ድንች በከብት ሞራ ስለሚጠበስ የሚጾም ሰው ይህንንም ይጠይቅ።

የቤቱ ዋና ሀብት መንገዱ ነው። ጄኮብስ ላደር፣ ማለትም የያዕቆብ መሰላል፣ በሚባለው የድንጋይ ደረጃ ወደ ኪንደር ስካውት አምባ ይወጣል፤ ከፍታው 636 ሜትር ነው። ያን ደረጃ ስወጣ ሁልጊዜ የማስታውሰው በሚያዝያ 24 ቀን 1932 በዚሁ ተራራ ምዕራብ በኩል ካለው ከሄይፊልድ ተነሥተው፣ መሬቱ የባለርስቶች ነው፣ አትግቡ የተባሉትን ትእዛዝ ጥሰው የወጡትን ወጣቶች ነው። አብዛኞቹ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ከፋብሪካ የሚያርፉ የማንችስተር ሠራተኞች ነበሩ፤ ከእነሱ አምስቱ ታሰሩ። ፒክ ዲስትሪክት በ1951 የአገሪቱ የመጀመሪያ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፣ በ2000 የወጣው ሕግ ደግሞ ማንም ሰው በእንዲህ ያለው ክፍት መሬት ላይ በእግሩ የመሄድ መብት ሰጠ። ይህን የምጽፈው ለታሪክ ያህል ብቻ አይደለም፤ በሰው አገር ገጠር ስንገኝ ያለ ፈቃድ የገባን የሚመስለን ሰዎች መንገዱ በሕግ የእኛም መሆኑን እንድናውቅ ነው። ያው ሕግ ግዴታም አለበት፤ በዚህ መሬት ላይ ከመጋቢት 1 እስከ ሐምሌ 31፣ እንዲሁም በየትኛውም ወቅት ከብትና በግ ባሉበት፣ የውሻ ማሰሪያ ከ2 ሜትር ሊረዝም አይገባም።

በግ የሚያሳድድ ውሻ ነገር በዚህ አገር ቀላል አይደለም። ያረገዘች በግ ስትባረር ብቻ ልትጨነግፍ ትችላለች፣ ገበሬውም መንጋውን ለመጠበቅ ሌላ አማራጭ ሲያጣ በውሻው ላይ ቢተኩስ ሕግ የሚከላከልለት ሁኔታ አለ። ከላሞች ጋር ግን ምክሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ጥጃ ያላቸው ላሞች ወደ ሰውና ውሻ ቢሮጡ ማሰሪያውን መልቀቅ ይገባል፣ የሚያሳድዱት ውሻውን ነውና፣ እሱም ሮጦ ያመልጣል፤ ማሰሪያውን ጨብጠው የቀሩ ሰዎች ተረግጠው የሞቱበት ጊዜ አለ። ከብት ጠባቂ ሆኜ ያደግሁ ሰው ስለሆንሁ ይህ አይመለከተኝም ብዬ ነበር። ከኤዴል በታች ባለ ሜዳ አንድ ቀን ሰባት ላሞች ጆሯቸውን አቁመው ወደ እኛ ሲመጡ ግን የእኔ ፉጨት ምንም አልሠራም፤ ማሰሪያውን ለቀቅሁ፣ ዳማ ከአጥር ማዶ ጠበቀችኝ።

አራተኛው ለለንደን ሰው የሚቀርበው ነው፤ በሳሴክስ፣ በኢስት ዲን መንደር ያለው ታይገር ኢን። ከቪክቶሪያ ጣቢያ ኢስትቦርን ድረስ በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል፣ ከዚያ ጥቂት በአውቶቡስ ነው። ፐቡ የመንደሩን አረንጓዴ መስክ ፊት ለፊት ይመለከታል፤ ውስጡ ዝቅ ያለ ጣሪያና ጥቁር ሰረገላ እንጨት ያለው ነው፣ በበጋ ግን ሰው ሁሉ መጠጡን ይዞ ወደ መስኩ ስለሚወጣ ውሾች በሣሩ ላይ ይገናኛሉ። ቤቱን እወደዋለሁ፣ ነገር ግን ጸጥታ ለሚፈልግ ሰው አልመክረውም፤ «ሰባቱ እኅትማማቾች» የሚባሉት ነጭ የባሕር ገደሎች ዝናቸው ዓለምን ስላዳረሰ ቅዳሜና እሑድ ወንበር ማግኘት ያስቸግራል። በረቡዕ ወይም በሐሙስ፣ በጥቅምት ወይም በኅዳር መሄድ ይሻላል።

ከመንደሩ ዌንት ሂል የሚባለውን ኮረብታ አቋርጦ ወደ ገደሎቹ መውጣት፣ በበርሊንግ ጋፕ በኩል ወደ ባሕሩ መውረድ፣ ጉልበት ካለም እስከ ቢቺ ሄድ መሄድ ይቻላል። ቢቺ ሄድ 162 ሜትር ነው፣ በብሪታንያ ከኖራ ድንጋይ ከተሠሩት የባሕር ገደሎች ሁሉ ይበልጣል። ይህ ድንጋይ በየዓመቱ እየተናደ ወደ ባሕር ይወርዳል፤ ቤል ቱት የሚባለው የድሮ የመርከብ ማመልከቻ ፋኖስ ቤት ወደ ገደሉ አፍ በመቅረቡ በ1999 ሕንፃው እንዳለ ተነሥቶ 17 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ተገፍቷል። አጥር የሚባል ነገር ስለሌለ፣ ወፍ አይታ የምትሮጥ ውሻ ገደሉ የት እንደሚያልቅ አታውቅም። ዳማን እዚያ ከማሰሪያ ፈትቻት አላውቅም፣ ምንም ያህል ብትለማመጠኝ።

ወደ አራቱም ከመሄድ በፊት ስልክ መደወል ጥሩ ነው፤ የገጠር ፐቦች በክረምት ሰዓታቸውን ያሳጥራሉ፣ ወጥ ቤቱም ከቤቱ ቀድሞ ይዘጋል። መንገዱ ላይ ረጅም ሣርና ፈርን የሚባለው የዱር ተክል ካለ፣ ማታ የውሻውን ጆሮ፣ ብብትና የጣቶች መካከል በእጅ እየዳሰሱ መዥገር መፈለግ ያስፈልጋል፤ መዥገሩ ለሰውም የሚተላለፍ በሽታ አለው። በቦርሳዬ ከውሃና ከካርታ ሌላ ሁልጊዜ ሁለት አሮጌ ፎጣ እይዛለሁ። አንዱ ወደ ፐቡ ከመግባታችን በፊት በደጃፉ እግሯን የምጠርግበት ነው፣ ባለቤቶቹም ይህን ሲያዩ ፊታቸው ይፈታል። ሁለተኛው ደረቁ ለመመለሻው ባቡር ነው፤ ከመቀመጫው ሥር አነጥፍላታለሁ፣ እሷም የምድጃው ጢስ ሽታ በጠጉሯ ላይ እንዳለ ለንደን እስክንደርስ አትነቃም።